ከፍ ላለች ፎር ዊል ምን ይቀየርላት? ማርሽ፣ ካርዳን፣ አክስል ወይስ ሎከር

ሞላው ተቀየረ፣ አሞርዛተሩ ረዘመ፣ ትልልቁ ጎማ ገባ። መኪናዋም አማረባት። ከዚያ የመጀመሪያው ዳገት ላይ አምስተኛ ማርሽ አልስብም ይላል፣ አራተኛውም ያቃስታል፣ ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ድሮ ያልነበረ ንዝረት ከወንበር ሥር ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ቀጥታ ሎከር (የግራና የቀኝ ጎማ አብረው እንዲዞሩ የሚቆልፍ ዕቃ) ፍለጋ ይገባል። እኔም እንደዛው ነው የገባሁት። የኋላውን ዲፈረንሻል ሎከር አስገጠምኩለት፣ ጭቃ ውስጥ እንደ ልቤ ነዳሁ፣ ከዛ አንድ ቀን አንዱ የኋላ ጎማ አየር ላይ ቀርቶ ሌላው ድንጋይ ሲነክስ ጓ! አለና አክስሉ ለሁለት ሆነ። ሎከሩ ምንም አላጠፋም። ሥራውን ነው የሠራው። ያለውን ጉልበት ሁሉ መሬት ለያዘው ጎማ ሰጠ፣ ያ አክስል ደግሞ ፋብሪካ ሲሠራው ለትንሽ ጎማ ታስቦ ነበር።

ጉልበት ከሞተር ተነስቶ መሬት እስኪነካ ብዙ እጅ ይቀባበለዋል፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ትራንስፈር (ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው)፣ ካርዳን (ወደ ዲፈረንሻል የሚወስደው ዘንግ)፣ ዲፈረንሻል (ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው)፣ አክስል፣ ጎማ። አንዱን ባጠነከራችሁ ቁጥር ስብራቱ ወደ ሌላው ደካማ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ዕቃ ስታወዳድሩ ከዋጋና ከጥንካሬ ጋር አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ መሰበሩ ካልቀረ የት ይሰበር? እኔ ሜዳ ላይ በመዶሻና በፒንሳ የምቀይረው ክሮቸራ (የካርዳኑ ጫፍ ላይ ያለው መስቀል መጋጠሚያ) ቢሰበርብኝ ይሻለኛል። የዲፈረንሻል ጥርስ ከረገፈ ግን ጉዞው እዚያው አለቀ።

ከፍታው ሌላ፣ ጎማው ሌላ

ሁለቱ አብረው ስለሚመጡ ይምታታሉ። ጉልበት የሚያሳጣው ጎማው ነው። የዘንጎቹን አንግል የሚያጣምመው ከፍታው ነው። መኪናዋ መሳብ ካቃታት መልሱ የዲፈረንሻል ማርሽ ላይ ነው፤ ከተንቀጠቀጠች ወይም የፊት አክስል ላስቲክ ቶሎ ቶሎ ከቀደደች መልሱ አንግል ላይ ነው። ይሄን ሳትለዩ ከገዛችሁ ለራስ ምታት የሆድ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው።

የጎማው ስሌት ቀላል ነው። የአዲሱን ጎማ ቁመት ለአሮጌው ታካፍላላችሁ፣ በነበረው የዲፈረንሻል ሬሾ (ጎማው አንዴ እንዲዞር ካርዳኑ የሚዞረው ብዛት) ታባዛላችሁ። 29 ኢንች ጎማና 4.10 ሬሾ ይዛ የወጣች መኪና 33 ኢንች ካጠለቀች፣ እንደ ድሮዋ ለመሆን 4.67 አካባቢ ትፈልጋለች። በብዛት የሚገኙት ደግሞ 4.56 እና 4.88 ናቸው። ጎማውን ብቻ ቀይራችሁ ከተዋችሁት 3.60 የተገጠመላት ያህል ነው የምትሆነው፤ አምስተኛ ማርሽ የጠፋው ለዚህ ነው።

በሞተር ዙር እንየው። አምስተኛው ማርሽ 0.85 ነው እንበል፣ ፍጥነቱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር። ድሮ ሞተሩ ወደ 2,500 ዙር ነበረው። 33 ጎማ ሲገባ ወደ 2,200 ይወርዳል። 4.56 ሲገጠም 2,450 ገደማ፣ 4.88 ሲገጠም 2,620 ገደማ ይሆናል። ዙሩ ሲወርድ ነዳጅ ይቆጠባል ብላችሁ አትጽናኑ፤ ሞተሩ ከሚመቸው ዙር በታች እየታገለ ነው፣ እናንተም ዳገት ባያችሁ ቁጥር ማርሽ ትቀንሳላችሁ።

ታዲያ 4.56 ወይስ 4.88? ረጅም አስፋልት የምትነዱ፣ ጭነት የሌላችሁ፣ ሞተሩም ጉልበት ያለው ከሆነ 4.56 ይበቃል። የብረት መከላከያ፣ ዊንች፣ የጣሪያ ጭነት፣ ተራራ ያለበት መንገድ ካለ 4.88 ነው። እኔ ስጠራጠር ወደ ትልቁ ቁጥር ነው የማዘነብለው፣ ምክንያቱም ከፍ የተደረገች መኪና ክብደቷ ሲጨምር እንጂ ሲቀንስ አላየሁም። ግን ገደብ አለው። 4.10 ማለት ኮሮናው (የዲፈረንሻሉ ትልቁ ማርሽ) 41፣ ፒኞኑ (እሱን የሚያዞረው ትንሹ) 10 ጥርስ አላቸው ማለት ነው። 4.56 ላይ 41 ለ9፣ 4.88 ላይ 39 ለ8፣ 5.29 ላይ ደግሞ 37 ለ7 ይሆናል። ፒኞኑ እያነሰ፣ በአንድ ጊዜ የሚነካካው ጥርስም እየቀነሰ ይሄዳል። ትንሽ ዲፈረንሻል ያላት መኪና ላይ 5.29 ገጥሞ ድንጋይ ለድንጋይ መሄድ ዕድልን መፈታተን ነው።

መለያ ምልክቱን ሳታዩ ደግሞ አትግዙ። የፊትና የኋላ ሬሾ አንድ መሆን አለበት። 4.10 ከ4.11 ጋር ቢገናኝ ችግር የለውም፣ 4.10 ከ4.56 ጋር ግን ፎር ዊል ባስገባችሁ ደቂቃ ትራንስፈሩና ዘንጎቹ እርስ በርስ ይታገላሉ፣ ደረቅ መሬት ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ የማርሽ ዋጋ ስትጠይቁ ሁልጊዜ ለሁለት ዲፈረንሻል ጠይቁ። በጀት የሚያፈርሰው ይሄ ነው።

የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል። ከ29 ወደ 33 ስትሄዱ መቁጠሪያው 100 ሲል እውነቱ ወደ 114 ይጠጋል። ኪሎ ሜትሩም እንደዛው፤ 10,000 ነድቻለሁ ስትሉ 11,400 ገደማ ነድታችኋል፣ ዘይት መቀየሪያው አልፏል ማለት ነው። መቁጠሪያው ከትራንስፈሩ የሚያነብ ከሆነ ማርሽ ስትቀይሩ አብሮ ይስተካከላል። ከጎማው የኤቢኤስ ሴንሰር የሚያነብ ከሆነ ግን ማርሹ አያስተካክለውም፣ በኮምፒውተር ነው የሚታረመው።

ኮሮናና ፒኞን ወይስ የትራንስፈር ማርሽ

ይሄኛው ንጽጽር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኮሮናና ፒኞን ሲቀየር ሁሉም ማርሽ ይለወጣል፣ አስፋልት ላይም ጭቃ ላይም። የትራንስፈሩ ማርሽ ሲቀየር ግን ብዙ ጊዜ ሎው (ቀስ ብሎ በጉልበት የሚኬድበት) ብቻ ነው የሚለወጠው፤ አስፋልት ላይ የጠፋችው አምስተኛ እንደጠፋች ትቀራለች።

በቁጥር ይታይ። አንደኛ ማርሽ 4.0፣ ሎው 2.5፣ ዲፈረንሻል 4.10 ከሆነ ሲባዛ 41 ነው፤ ሞተሩ 41 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ዲፈረንሻሉን ወደ 4.88 ብትወስዱት 49 ገደማ። ዲፈረንሻሉን ትታችሁ ሎውን ወደ 4.0 ብታመጡት 65 አለፈ። ለድንጋይ መውጣት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ጂፕ ራንግለር ሩቢኮን ስሙን ካገኘባቸው ነገሮች አንዱ ይሄው ነው፤ የእሱ ሎው 4.0 ሲሆን የሌሎቹ ራንግለሮች 2.72 ነው።

ግን ጫናው የሚያርፍበትን እዩ። ትራንስፈሩ ሲያበዛው ጉልበቱ በዝቶ ነው ካርዳን ውስጥ የሚገባው፣ ስለዚህ ክሮቸራውም ፒኞኑም ይሸከሙታል። ማብዛቱ ዲፈረንሻል ውስጥ ሲሆን ግን ካርዳኑ ቀለል ያለ ጉልበት በፈጠነ ዙር ያመላልሳል። አክስሉ በሁለቱም መንገድ ያው ነው፤ ጎማው ላይ የሚደርሰውን ሁሉ እሱ ይሸከማል። ምርጫዬ እንዲህ ነው፦ መኪናዋ በየቀኑ የምትነዳ ከሆነ መጀመሪያ ኮሮናና ፒኞን፤ አስፋልቱ ካላስቸገራችሁና ሥራችሁ ቀስ ብሎ ድንጋይ መውጣት ከሆነ ትራንስፈር።

አዲስ ማርሽ ወይስ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል

አዲስ ኮሮናና ፒኞን መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ መግጠሙ ነው። ፒኞኑ ምን ያህል ጠልቆ ይግባ፣ ኩሽኔታው ምን ያህል ይጥበቅ፣ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ምን ያህል ክፍተት ይተው፤ ይሄ ሁሉ በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ነው። ክፍተቱ ብዙ መኪኖች ላይ ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ይሆናል፣ ትክክለኛውን የማርሹ ወረቀት ይነግራችኋል። ጥሩ መካኒክ ጥርሱን ቀለም ቀብቶ ያዞርና አሻራውን ያያል፣ አሻራው ጥርሱ መሃል ካልወደቀ ይፈታል፣ ስፔሰር (ቀጭን ማስተካከያ ቀለበት) ይቀይራል፣ እንደገና ይገጥማል። «በጆሮዬ አውቀዋለሁ» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ሌላው መንገድ ከተመሳሳይ መኪና ላይ የወረደ፣ ከፋብሪካ በትልቅ ሬሾ የተገጠመ ሙሉ ዲፈረንሻል መፈለግ ነው። ብዙ የቶዮታ ፒካፖች የኋላ ዲፈረንሻል እንደ ኳስ ሙሉውን ከፊት ተፈቶ ስለሚወጣ ይሄ ለነሱ በጣም ይመቻል፤ ፋብሪካ ያስተካከለው ሳይነካ ይገባል። ጥቅሙ ዋጋውና ፍጥነቱ ነው። ጉዳቱ የሰው ዕዳ መውረስ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የዘይቱን ቡሎን አስፈቱ። ማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ብናኝ ደህና ነው፣ የሚቆጠር ስባሪ ካለ ግን ተዉት። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፣ ኩሽኔታው ዛሬ ዝም ቢል ነገ ያለቅሳል። ፒኞኑን በእጅ ወደ ላይና ወደ ታች ስታነቃንቁት መንቀሳቀስ የለበትም። ከተቻለ ደግሞ ፊትና ኋላውን ከአንድ መኪና ውሰዱ።

ማርሽ ብቻ ለምትገዙ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ዲፈረንሻል ላይ ኮሮናውን የሚይዘው አካል ለሁሉም ሬሾ አይሆንም። ዳና 44 የሚባለውን አክስል ብንወስድ፣ እስከ 3.73 ድረስ አንድ ዓይነት ነው፣ ከ3.92 ጀምሮ ግን ሌላ ነው የሚፈልገው። ማርሹን ገዝታችሁ መያዣው አልገጥም ካለ ሎከር ለመግዛት ጥሩ ሰበብ አገኛችሁ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ሙሉ ሎከር የራሱን መያዣ ይዞ ነው የሚመጣው። እንዲያውም ሁለቱን ለመቀየር ካሰባችሁ አንድ ላይ አድርጉት፤ ያንን ሁሉ ልኬት ሁለት ጊዜ ማሠራት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

አዲስ ማርሽ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ትዕግሥት። መጀመሪያ 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር በለዘብታ ንዱና እስኪቀዘቅዝ አቁሙት። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ጭነት አትጎትቱ፣ ከዛ ዘይቱን ቀይሩ። ዘይቱ ለዲፈረንሻል ጂ ኤል 5 የሚባለው ደረጃ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ግን ዝም ብላችሁ ጂ ኤል 5 አትጨምሩ፤ አንዳንዱ ዘይት ውስጡ ያለውን የነሐስ ክፍል ይበላል፣ የመኪናውን መጽሐፍ እዩ።

ካርዳን፦ ባለ አንድ መጋጠሚያ ወይስ ባለ ድርብ

አሁን ወደ ንዝረቱ። ክሮቸራ ታጥፎ ሲዞር እኩል ፍጥነት አይሰጥም፣ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ካርዳኑ በሁለቱ ጫፍ ክሮቸራ ያለው ለዚህ ነው፤ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ያስተካክላል። ይሄ የሚሆነው ግን ሁለቱ አንግሎች እኩል ሲሆኑ ነው። ማለትም ከትራንስፈሩ የሚወጣው ዘንግና ወደ ዲፈረንሻል የሚገባው ፒኞን እርስ በርስ ትይዩ መሆን አለባቸው። መኪናዋን ከፍ ስታደርጉ ይሄ ይፈርሳል፣ በተለይ አጭር ካርዳን ያላት አጭር መኪና ላይ።

ከፍታው 2 ኢንች አካባቢ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፒኞኑን ማስተካከል ይበቃል። ባሌስትራ ላላት መኪና ከሥሩ እንደ ሽብልቅ የተቆረጠ ብረት ይገባል፣ ሞላ ላላት ደግሞ ርዝመቱ የሚስተካከል የአክስል መያዣ ክንድ። አንዳንዶች ትራንስፈሩን በስፔሰር ዝቅ ያደርጉታል። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም፣ ግን ያገኛችሁትን ከፍታ ከሆዱ ላይ መልሳችሁ ትሰጣላችሁ። ለጊዜው እሺ፣ ለዘለቄታው አልወደውም።

ከፍታው 4 ኢንችና ከዛ በላይ ሲሆን ባለ ድርብ መጋጠሚያ ካርዳን ይገባል። በትራንስፈሩ በኩል ሁለት ክሮቸራ ጎን ለጎን ተጋጥመው አንዱ የሌላውን ስህተት እዚያው ያጠፋል። እሱ ሲገጠም ግን የፒኞኑ ሕግ ይለወጣል፤ ትይዩ መሆኑ ቀርቶ አፍንጫው ወደ ትራንስፈሩ ቀጥ ብሎ ማየት አለበት፣ ጉልበት ሲያርፍበት አፍንጫው ወደ ላይ ስለሚነሳ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ዝቅ ተደርጎ ይተዋል። ካርዳኑን ቀይረው ፒኞኑን ሳይነኩ «ንዝረቱ ባሰበት» የሚሉት ይሄን የረሱ ናቸው። ሌላው ጉዳቱ መሃል ያለችው ኳስ ናት፤ ውሃና አሸዋ አትወድም፣ ግራሶ ካልተረሳላት ትቆያለች።

ክሮቸራ ስትገዙ ግራሶ የሚጠጣውና የማይጠጣው ያከራክራል። የሚጠጣው ውስጡ የተበሳ ስለሆነ በትንሹ ደካማ ነው፣ ግን ጭቃና ውሃ ለሚገባ መኪና ዕድሜው በእጃችሁ ነው። ፓምፑን ለመያዝ የምትሰንፉ ከሆነ የማይጠጣውን ግዙ። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የፊት ድፍን አክስል ላላቸው አንድ ጣጣ አለ። መሪው እንዲረጋ አክስሉን ወደ ኋላ ስታዘነብሉት ፒኞኑ አብሮ ወደ መሬት ይዞራል፣ የካርዳኑ አንግል ይብሳል። ሁለቱን እኩል ማስደሰት አይቻልም። እኔ ለመሪው ነው የማደላው። የፊት ካርዳኑ ፍሪ ሀብ (የፊት ጎማን ከአክስሉ የሚያላቅቅ) ላላት መኪና አስፋልት ላይ ስለማይዞር ንዝረቱን ማንም አይሰማውም፣ የሚንቀዠቀዥ መሪ ግን ሰው ይገድላል።

የፊት ጎማዎቿ ለየብቻ ለሚንቀሳቀሱ

እንደ ሃይሉክስና ኤል 200 ዓይነቶቹ ላይ የፊት ካርዳኑ አይነካም፤ የሚሠቃዩት ከዲፈረንሻል ወደ ፊት ጎማ የሚሄዱት ሲቪዎች (በላስቲክ የተሸፈነ መጋጠሚያ ያላቸው ዘንጎች) ናቸው። ከፍታው ሲጨምር ሲቪው ተጣሞ ይሠራል፣ ላስቲኩ እጥፋቶቹ እየተፋተጉ ይቀደዳሉ፣ ግራሶው ወጥቶ አቧራ ይገባል። ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው ዲፈረንሻሉን ትንሽ ዝቅ የሚያደርግ ስፔሰር ነው፤ አንግሉን ያቀላል፣ ግን ሻንሲው ላይ ያለውን ማሰሪያ ማየት አትርሱ። ሁለተኛው ለትልቅ አንግል የተሠራ ላስቲክ ብቻ መቀየር። ሦስተኛው ሙሉ ሲቪ መቀየር ሲሆን፣ እዚህ ላይ ርካሹን አዲስ ከመግዛት ደህና የፋብሪካ አሮጌ ይሻላል እላለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ከፍታውን 2 ኢንች አካባቢ ላይ ማቆም ነው፤ ከዛ በኋላ የምትገዙት ዕቃ ሁሉ የከፍታው ዕዳ ነው። ቦልጆይንትና ቴስቲናም ከዚሁ ጋር ያልቃሉ።

አክስል፦ ጠንካራ ብረት ወይስ ወፍራም

የዘንግ ጥንካሬ በውፍረቱ ኩብ ነው የሚያድገው። ጫፉ ላይ 30 ጥርስ ያለው የተለመደው አክስል 1.31 ኢንች ነው፣ 35 ጥርስ ያለው 1.5 ኢንች። ልዩነቱ ለዓይን ምንም አይደለም፣ በመጠምዘዝ ጉልበት ግን 50 በመቶ ይበልጣል። በሌላ በኩል ውፍረቱን ሳይነኩ ብረቱን ወደ 4340 ክሮሞሊ (ጠንካራ የብረት ቅይጥ) መቀየር አለ። ይሄኛው ምንም ሳትቆርጡ ይገባል፤ 33 ጎማና አንድ ሎከር ላለው ሰው ብዙ ጊዜ በቂ ነው። 35 ጎማና ሁለት ሎከር ከሆነ ግን በየጊዜው ዘንግ ከመቀየር ትልቅ ሙሉ አክስል መፈለጉ ያዋጣል።

አክስሉ ሲሰበር ምን እንደሚሆንም ጠይቁ። ፉል ፍሎት የሚባለው ላይ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ሀቡ ነው፤ ዘንጉ ቢሰበር አውጥታችሁት በፊት ጎማ እየተጎተታችሁ ቤት ትገባላችሁ። በሌላኛው ዓይነት ክብደቱም ዘንጉ ላይ ነው። በውስጥ በኩል በትንሽ ቀለበት ብቻ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ሲሰበር ጎማው ከነዘንጉ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለው አክስል ላይ ሎከር አላስገጥምም።

ሎከር፣ በመጨረሻ

ሎከር መጨረሻ ላይ ያመጣሁት በሌላው ሁሉ ላይ ጫና የሚጨምር እሱ ስለሆነ ነው። አውቶማቲኩ፣ ለምሳሌ ዲትሮይት ሎከር፣ ቁልፍም ሽቦም አይፈልግም፤ ሁልጊዜ የተቆለፈ ነው፣ ስትታጠፉ ብቻ የውጭው ጎማ እንዲቀድም ይለቃል። ጠንካራ ነው። ግን ይንኳኳል፣ ጎማ ይበላል፣ የሚያንሸራትት አስፋልት ላይ ኋላውን ሊጥለው ይችላል። እንደ ኤአርቢ በአየር ወይም በኤሌክትሪክ የሚቆለፈው ስትፈልጉ ብቻ ይሠራል፤ ጉዳቱ ኮምፕረሰር፣ ቱቦ፣ ሽቦ፣ ማለትም የሚበላሽ ነገር መብዛቱ። ሊሚትድ ስሊፕ (ሙሉ በሙሉ ሳይቆልፍ የአንዱን ጎማ መንሸራተት የሚገድበው) ለዝናብና ለጠጠር መንገድ ደህና ነው፣ አንድ ጎማ አየር ላይ ሲቀር ግን ብዙም አይረዳችሁም፤ በጥርስ የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ፍሬኑን በስሱ ስትረግጡት ትንሽ ይነቃል። የውስጡን ትንንሽ ማርሾች ብቻ የሚተካው ርካሹ ሎከር ለገንዘቡ ግሩም ነው፣ ግን አሮጌው መያዣ ውስጥ ነው የሚገባው፣ መያዣው ሲሰነጠቅ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

በየቀኑ ለምትነዳ መኪና የኋላ በቁልፍ የሚሠራ፣ ሌላ የለም። የፊቱን የምትጨምሩ ከሆነ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዛችሁ ነዳጅ አትርገጡ፤ የፊት መጋጠሚያ የሚሞተው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ፍሪሲዮንን በተመለከተ፣ ማርሹን በትክክል ካስተካከላችሁ የፋብሪካው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከባዱን ዓይነት ከገጠማችሁ ግራ እግራችሁ ይናገራል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላላችሁ ደግሞ የዘይት ማቀዝቀዣ ጨምሩ። የዲፈረንሻሎቹን መተንፈሻ ቱቦ ወደ ላይ ማስረዘም አትርሱ፤ የሞቀ ዲፈረንሻል ውሃ ውስጥ ድንገት ሲቀዘቅዝ ባገኘው ቀዳዳ ውሃውን ይስባል፣ ያ ሁሉ ያወጣችሁበት ማርሽ በአንድ ቱቦ ምክንያት ይዝጋል።

እኔ አሁን መኪናዬ ውስጥ ሁለት ክሮቸራ፣ ቀለበት ማውጫ ፒንሳ፣ መዶሻና አንድ የተረፈ የኋላ አክስል ይዤ ነው የምሄደው። አክስሉን እስካሁን አልተጠቀምኩበትም። ክሮቸራ ግን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ሳይፈላ።